ቡፌው ላይ ያለችው ሰርቨር፦ ከጥቅምት እስከ ጥር

ጥቅምት 2፣ 2018

ቤት ስናጸዳ ከቡፌው ታችኛ መሳቢያ 61 ዲስክ ወጣ። 43ቱ ቪሲዲ፣ 18ቱ ዲቪዲ። የእናትና የአባቴ ሰርግ፣ የእህቴ ክርስትና፣ የእኔ ምርቃት፣ የአያቴ ተዝካር ሳይቀር አለ። ዲቪዲ ማጫወቻው ከተበላሸ አራት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ማንም አላያቸውም። አብዛኞቹ ጀርባቸው ተጫጭሯል። የሁለቱ ደግሞ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ከጫፉ መላጥ ጀምሯል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ሁሌ የምትበራ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨር፣ እገዛለሁ፣ ዲስኮቹን ወደ ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ያለው ቴሌቪዥንም ስልክም ላፕቶፕም በዋይፋይ ከእሷ እየሳበ ያሳያል። ፊልምና ሙዚቃም እጨምርበታለሁ። ግን ዋናው ጉዳይ መሳቢያው ውስጥ ያለው ነው።

ሶፍትዌር ስመርጥ ብዙ አልፈጀብኝም። ኮዲ ለአንድ ቴሌቪዥን ጥሩ ነው፣ ለብዙ ሰው ማከፋፈል ግን ዋና ሥራው አይደለም። ፕሌክስ ሲያዩት ያምራል፤ ግን በእነሱ አካውንት መግባት ይፈልጋል፣ ቪዲዮን በግራፊክስ ቺፕ መቀየርም የሚከፈልበት ነው። ጄሊፊን ነጻ ነው። ኤምቢ የሚባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር ኮዱን ሲዘጋ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ቤት ውስጥ መሥራቱን አያቆምም። ለእኛ ቤት ይሄ ይበቃል፣ ጄሊፊን ይሁን አልኩ።

ጥቅምት 9

መገናኛ ግማሽ ቀን ዞሬ ያገለገለች ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3040 ማይክሮ በ24,000 ብር ገዛሁ። ኮር አይ5 ስድስተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ቁመቷም ውፍረቷም እንደ መዝገበ ቃላት ነው። በዚሁ ዋጋ ጠንከር ያለ ትልቅ ታወር ነበር፤ ግን ቀንና ሌሊት ለሚበራ ነገር ኃይል የማይበላው ይሻላል። በመለኪያ ሶኬት ስለካት ሥራ ሲፈታ ከሃርድ ዲስኳ ጋር 14 ዋት ነው የምትወስደው። በወር ሲታሰብ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።

እዚያው ሰፈር ባለ 4 ቴራ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ በ21,000 ብር ወሰድኩ። "አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም" ተባልኩ፤ እውነትም ፕላስቲኩ አልተቀደደም ነበር።

ማታ በዊንዶውስ ፈንታ ደቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩና ስማርትሲቲኤል በሚባለው መሣሪያ የዲስኩን የውስጥ መዝገብ አየሁ። የሠራበት ሰዓት 31,000 ይላል። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ሳይጠፋ የሠራ ማለት ነው። ያ ብቻ አይደለም፣ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮች፣ ማለትም የዲስኩ ትንንሽ ክፍልፋዮች፣ አሉ፤ ገና መነበብ ያቃታቸውና ወረፋ የሚጠብቁም አሉ። የቤተሰብ ማስታወሻ የምጥልበት ዕቃ አይደለም።

ጥቅምት 11

መለስኩት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ 3,000 ብር ተቀንሶ ተመለሰልኝ። ከሌላ ሱቅ ሌላ 4 ቴራ በ25,500 ገዛሁ። አሁን ግን ላፕቶፕ ይዤ ሄጄ፣ ከመክፈሌ በፊት እዚያው ሰካሁት። የሠራበት ሰዓት ዜሮ። ሃርድ ዲስክ የሚገዛ ሰው ካለ ይህን ሳያይ አይክፈል፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ጥቅምት 16

የመጀመሪያውን ቪሲዲ አስገባሁ። የሰርጉ ዲስክ አንድ። በዩኤስቢ የሚሠራ የዲቪዲ አንባቢ በ4,500 ገዝቻለሁ። ዲስኩ ተከፈተ፣ ቪዲዮው ያለበት ፎልደር ታየ፣ ውስጡ ትልቁ የዳት ፋይል አለ። ኮፒ አልኩ። ወዲያው የማንበብ ስህተት። ዲስክ ሁለትም ያው። ዲስክ ሦስትም ያው።

ሆዴ ባር ባር አለ። ለስላሳ ጨርቅ አርጥቤ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኳቸው፤ ዙሪያውን ማሽከርከር የለብህም፣ ጭረቱ በመስመሩ አቅጣጫ ከሄደ ይብስበታል። ምንም ለውጥ የለም። "ሞተዋል" ብዬ ለእናቴ ልነግራት ስል ታናሽ ወንድሜ በራሱ ላፕቶፕ፣ በዊንዶውስ፣ ከፍቶ አጫወተው። ጥርት ብሎ ነው የሚሄደው።

ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ነገሩ የዲስኩ ጥፋት አይደለም። ተራ የዳታ ሲዲ በአንድ ሴክተር 2048 ባይት ይይዛል፤ ቪሲዲ ግን ለቪዲዮው 2324 ባይት ነው የሚጠቀመው። የስህተት ማረሚያውን ቦታ ቀንሶ ለምስል ሰጠው ማለት ነው። 74 ደቂቃ ቪዲዮ በአንድ ሲዲ የሚገባው ለዚህ ነው። ሊኑክስ ፋይሉን እንደ ተራ ዳታ ሊያነበው ሲሞክር ይሰናከላል። መፍትሔው ቪሲዲኢሜጀር የሚባል ጥቅል ነው፤ ውስጡ ቪሲዲኤክስሪፕ የሚባል ትእዛዝ አለ፣ እሱ ቪዲዮውን በትክክል ያወጣዋል።

ሦስቱም ዲስኮች በአንድ ሰዓት ውስጥ ወጡ። አንዷም ፍሬም አልጎደለች።

ጥቅምት 30

በቀን አራት አምስት ዲስክ እየሄደ ነው። ቪሲዲዎቹ አለቁ ማለት ይቻላል። ምስሉ 352 በ288 ነው፣ ትንሽ ነው፣ በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ይደበዝዛል። ያልነበረ ዝርዝር በሶፍትዌር ለመፍጠር ሞክሬ ነበር፣ የሰው ፊት ሰም የተቀባ መሰለ፣ ተውኩት። የአያቴን ፊት ማሽን ገምቶ እንዲስልልኝ አልፈልግም።

ዲቪዲዎቹ ሌላ ችግር አመጡ። ሰው በፍጥነት ሲንቀሳቀስ፣ በተለይ እስክስታ ሲወርዱ፣ ትከሻው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ይወጣል። የድሮ ካሜራ ምስሉን አንድ መስመር እየዘለለ በሁለት ግማሽ ስለሚቀርጽ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ውስጥ ቢደብሊውዲፍ የሚባል ማጣሪያ አለ፣ ሁለቱን ግማሾች እየለየ በሰከንድ 50 ምስል ያወጣል። እስክስታው አሁን ውሃ ነው።

አንድ ውሳኔ ወስኛለሁ። ለማየት የተቀየረው ኮፒ አንድ ነገር ነው፣ ከዲስኩ እንዳለ የወጣው ደግሞ ሌላ። ዋናውን አልሰርዝም። ሁሉም ተደምሮ 130 ጊጋ አይሞላም።

ኅዳር 7

መብራት። ስለዚህ ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

ማክሰኞ ማታ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም ሲል ቆየና ጠፋ። ሲመጣ ሰርቨሯ አልተነሳችም። ይህን ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሯ የራሷ ማስተካከያ ውስጥ አስተካከልኩት፤ ዴል ላይ ኤሲ ሪከቨሪ ይባላል፣ መብራት ሲመጣ ራሷ እንድትበራ ያደርጋል። ሐሙስ ደግሞ ጠፍቶ መጣ። አሁን በራች፣ ግን መሃል መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። ሃርድ ዲስኩን ከፋብሪካ በመጣበት በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ትቼው ነበር። በድንገት ሲቋረጥበት ሳይዘጋ ቀረ፣ ሊኑክስ አልከፍትም አለ፣ ዲስኩ ሳይከፈት ደግሞ ሲስተሙ ወደፊት አይሄድም።

ቅዳሜን ሙሉ ፈጀብኝ። ያለውን ሁሉ ወንድሜ ላፕቶፕ ላይ አወጣሁ፣ ዲስኩን በሊኑክስ በራሱ ፎርማት፣ በኤክስት4፣ አደረግሁ፣ መለስኩ። ዲስኮቹ በሚመዘገቡበት ኤፍኤስታብ ፋይል ላይ "ኖፌይል" የሚል ቃል ጨመርኩ፤ ዲስኩ ባይገኝም ሲስተሙ ይነሳል።

ያቺ ቃል ሌላ ጣጣ ይዛ እንደምትመጣ ያኔ አላወቅሁም።

ኅዳር 14

ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ፣ ገዛሁ። ባለ 650 ቪኤ፣ 11,500 ብር። ውስጡ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። ሰርቨሯንና ራውተሩን ብቻ ሰክቼ ከግድግዳው ነቀልኩት፤ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያዘ።

ችግሩ ርካሽ ስለሆነ የዩኤስቢ መስመር የለውም። መብራት መጥፋቱን ለኮምፒውተሯ የሚነግር የለም፤ ባትሪው ሲያልቅ እሷም ድንገት ትጠፋለች፣ ያው ነው። ያለኝን ዘዴ ተጠቀምኩ። አሮጌ ራውተር ነበረኝ፣ እሱን ከዩፒኤሱ ውጪ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰካሁትና በኬብል ከአዲሱ ራውተር ጋር አገናኘሁት። ሰርቨሯ በየደቂቃው ትጠራዋለች። አቤት ካለ መብራት አለ። አሥር ደቂቃ ዝም ካለ መብራት የለም፣ ሁሉን ዘግታ በሥርዓት ትጠፋለች።

ሠራ። ግን በማግስቱ ሌላ ጉድለት ታየ። መብራት ሃያ ደቂቃ ጠፍቶ መጣ፣ ሰርቨሯ በሥርዓት ጠፍታለች፣ ዩፒኤሱ ግን ገና ባትሪ ስለነበረው ለእሷ ኃይል ተቋርጦ አያውቅም። ስለዚህ "መብራት መጣ" የሚባል ነገር አልደረሳትም፣ ጠፍታ ቀረች። አርቲሲዌክ በሚባል ትእዛዝ አስተካከልኩት፤ ስትጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንድትነቃ ራሷ ላይ ሰዓት ሞልታ ነው የምትጠፋው። ስትነቃ አሮጌውን ራውተር ትጠራለች፣ ከሌለ ተመልሳ ትተኛለች። ከዚያ ወዲህ ስምንት ጊዜ መብራት ጠፍቷል፣ አንድ ጊዜም በእጄ አልነካኋትም።

ኅዳር 21

ዲስኮቹ ገብተዋል፣ ማስተካከል ቀረ። "ሰርግ" የሚል ፎልደር ሠርቼ ከጎኑ በቅንፍ 1987 ብዬ የፊልም ክፍል ውስጥ ከተትኩት። ጄሊፊን በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ የውጭ ፊልም ነው ብሎ ፖስተር ለጠፈበት። በቅንፍ ያለውን ቁጥር እንደ ፈረንጅ ዓመት ነው የሚያነበው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የ1987 ጥር እነሱ ዘንድ 1995 ነው። የቤተሰብ ቪዲዮ "የቤት ቪዲዮና ፎቶ" በሚባለው ክፍል ነው መግባት ያለበት፤ እዚያ ከኢንተርኔት ስም አይፈልግም።

ስሞቹን ዓመት፣ ወር፣ ከዚያ ርዕስ አድርጌ ቀየርኩ። ጳጉሜ 13 ሆና ትገባለች፣ በፋይል ስም ላይ ችግር የለም። የቀን ሳጥኑ ግን 13ኛ ወር አይቀበልም፣ እዚያ ላይ በፈረንጅ መጻፍ ግድ ነው። ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ በኤክስት4 የፋይል ስም ጣሪያው 255 ባይት ነው፣ አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። 85 ፊደል ላይ ያበቃል። "የእማዬ የአክስት ልጅ የልጇ ክርስትና..." እያልኩ ስጽፍ ሁለት ጊዜ አስቆመኝ።

ማታ እናቴ ራሷ ስልኳ ላይ ፈለገች።

"አንተ ልጅ፣ የለም ይላል እኮ።"

"ምን ብለሽ ጻፍሽ እማዬ?"

"ሠርግ። በንጉሡ ሠ።"

እኔ የጻፍኩት በእሳቱ ሰ ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት ነች፣ እሷን አርሜ ማሽኑን ልተው አልችልም። ርዕሶቹን ሁሉ አብረን ተቀምጠን በእሷ አጻጻፍ አስተካከልን። ጄሊፊን "ኦሪጅናል ርዕስ" የሚል ሌላ ሳጥን አለው፣ ፍለጋው እሱንም ያያል፤ እዚያ ላይ የእኔን አጻጻፍ አስቀመጥኩ። ኃይሌ ያለውም ሀይሌ ያለውም ያገኛል። እኔም ከእንግዲህ ሠርግ ነው የምለው።

ታኅሣሥ 5

ያቺ "ኖፌይል" የምትባል ቃል።

መጠባበቂያ ዲስክ፣ ባለ 2 ቴራ፣ በ14,000 ገዝቼ በየሌሊቱ አርሲንክ የሚባል ፋይል ገልባጭ ፕሮግራም ወደ እሱ እንዲገለብጥ አድርጌ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ጄሊፊን አልከፍት አለ። ገብቼ ሳይ ኤስኤስዲው ጢም ብሎ ሞልቷል። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ማክሰኞ ወንድሜ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የመጠባበቂያውን ገመድ ነቅሏል። ዲስኩ ባይኖርም ባዶ ፎልደሩ ግን አለ። አርሲንክ ደግሞ አይጠይቅም፣ ባዶው ፎልደር ላይ፣ ማለትም ኤስኤስዲው ላይ፣ እስኪሞላ ገለበጠ። ጄሊፊን ዳታቤዙን የሚጽፍበት ቦታ አጣ።

ምንም አልጠፋም። ግን ሌላ ነገር አስጨነቀኝ፤ ለአንድ ሌሊት መጠባበቂያ አለኝ ብዬ ተኝቻለሁ፣ አልነበረኝም። አሁን አርሲንክን የሚያስነሳው ስክሪፕት መጀመሪያ ዲስኩ በእርግጥ መኖሩን ያረጋግጣል፣ ከሌለ ይቆምና ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል። ባዶውን ፎልደር ደግሞ ምንም እንዳይጻፍበት ቆለፍኩት። ወንድሜን አልተቆጣሁም፣ ቻርጀር ገዛሁለት። መጠባበቂያውም ከቤት ወጥቶ አዳማ እህቴ ጋ ሊቀመጥ ነው፣ በሁለት ወር አንዴ ስንገናኝ እያደስን። ሁለቱም ዲስክ አንድ ቡፌ ላይ ከሆነ አንድ ሌባ ወይም አንድ ቧንቧ ሁለቱንም ይወስዳል።

ታኅሣሥ 12

አጫጭር ነገሮች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዋይፋዩ ይጣበባል፣ ሁሉም ጎረቤት በአንድ አየር ነው፤ ለቴሌቪዥኑ 20 ሜትር ኬብል በ1,400 ብር ዘረጋሁ፣ መቆራረጡ ቀረ።

ወንድሜ በብሮውዘር ፊልም ሲከፍት ሰርቨሯ ትንፋሽ ያጥራታል። ፊልሙ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ በሚባል የቪዲዮ አጨማመቅ የተሠራ ነው፣ ብሮውዘሩ አይችለውም፣ ሰርቨሯ ልትቀይርለት ትሞክራለች፣ የስድስተኛ ትውልድ ቺፕ ደግሞ 8 ቢቱን እንጂ 10 ቢቱን በቅጡ አይፈታም። ሰባተኛ ትውልድ ብገዛ ይሄ አይኖርም ነበር። የጄሊፊንን የራሱን ማጫወቻ ላፕቶፑ ላይ ጫንኩለት፣ ፋይሉን እንዳለ ይወስዳል፣ ሰርቨሯ አሁን ከ5 ከመቶ አትበልጥም።

የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸው ቪዲዮዎች ላይ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣ ነበር። ደቢያን ላይ አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት መጫን በቂ ሆነ።

ታኅሣሥ 19

አክስቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። በሠርጉ ሚዜ ነበረች። ቪሲዲው ተልኮላት አያውቅም።

ሰርቨሯን በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት አልፈለግኩም፣ በር ክፍት አድርጎ እንደ መተኛት ነው። ቴይልስኬል ተጠቀምኩ። ዋየርጋርድ በሚባል የመመስጠሪያ ዘዴ ላይ የተሠራ ነው፣ የእሷን ስልክና የእኔን ሰርቨር ብቻ በተመሰጠረ መስመር ያገናኛል፣ ለግል ነጻ ነው። አስቸጋሪው ቴክኒኩ ሳይሆን በስልክ ማስረዳቱ ነበር። አርባ ደቂቃ። "እትዬ፣ ሰማያዊውን ተጫኚው።" "ሁለት ሰማያዊ አለ እኮ የኔ ጌታ።" እንዲህ እያልን።

መጀመሪያ ምስሉ እየቆመ አስቸገረ። የእኛ የመላክ ፍጥነት ደካማ ነው። ለእሷ አካውንት ጣሪያውን በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት አደረግኩት። ቪሲዲ ራሱ ሲሠራ ከዚያ የማይበልጥ ስለሆነ ምንም አይጎድልባትም። ሌሊት በእኛ አሥር ሰዓት ላይ መልእክት ላከች። በድምፅ ነው። ግማሹ ለቅሶ ነው፣ ግማሹ "ቀሚሴን አየኸው?" ነው።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። ቤቱ ሞላ። ከምሳ በኋላ እናቴ ሪሞቱን ራሷ ይዛ ሠርጉን ከፈተች።

ዲስክ ሁለት፣ 23ኛው ደቂቃ ላይ አያቴ ለምርቃት ይነሳል። ጋቢውን በግራ ትከሻው ይመልሳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ካሜራውን አንዴ ያያል፣ ከዚያ "ውለዱ፣ ክበዱ" ይላል። ድምፁ ከኋላው ባለው ከበሮ ይዋጣል። እናቴ "ድምፁን ጨምሩልኝ" አለች፤ ሪሞቱ እጇ ላይ ነው ያለው። ወንድሜ ጨመረላት። መለሰችው። ደግማ አየችው። አያቴ በ1991 ነው ያረፈው፣ እኔ ድምፁን አላስታውሰውም ነበር። አሁን አውቀዋለሁ፣ ወፈር ያለ ነው፣ "ክበዱ" ሲል "ዱ"ን ይረግጠዋል።

ማታ ያንን ሁለት ደቂቃ ለብቻው ቆርጬ፣ የከበሮውን ድምፅ በተቻለኝ ዝቅ አድርጌ ሌላ ፋይል አደረግሁት።

ጥር 3

ወጪ፦ ኮምፒውተሯ 24,000፣ ሃርድ ዲስክ 25,500፣ በመጀመሪያው ዲስክ የቀረብኝ 3,000፣ መጠባበቂያ 14,000፣ ዩፒኤስ 11,500፣ አንባቢ 4,500፣ ኬብል 1,400። ድምሩ 83,900 ብር። ቀላል ገንዘብ አይደለም። እንደገና ብጀምር ዩፒኤሱን ከኮምፒውተሯ ጋር በአንድ ቀን እገዛ ነበር።

ከ61 ዲስክ 58ቱ ወጥተዋል። አንዱ ዲቪዲ፣ የእኔ ምርቃት፣ የተበላሸ ዲስክ ደጋግሞ በሚያነብ ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም አንድ ሌሊት ከግማሽ ቀን ፈጅቶ፣ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ጎድሎት ተርፏል። ሽፋናቸው የተላጠው ሁለቱ እምቢ ብለዋል። አንዱ ደግሞ ባዶ ነው። የሠርጉ ዋና የቪዲዮ ካሴትም አጎቴ ቤት ተገኝቷል፤ በመስታወቱ ሲታይ ጥቅሉ ላይ ነጭ ሻጋታ አለ። ዴክ ውስጥ አላስገባውም፣ ሳይጸዳ ከዞረ ሻጋታው ማንበቢያውን ይደፍነዋል፣ ፊልሙም ሊቆረጥ ይችላል። ደረቅ ቦታ አስቀምጬ የሚያጸዳ ባለሙያ እየፈለግኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከታች ፎቅ ያሉት እናት በፌስታል ዘጠኝ ቪሲዲ ይዘው መጡ። የልጃቸው ነው፣ ልጁ አሁን የለም። የመጀመሪያውን አስገብቼዋለሁ፣ ቡና እየጠጡ ይጠብቃሉ። 38 ከመቶ ደርሷል፣ እስካሁን ስህተት የለም።